"ቲቸር፣ ከራፐሮች አንደኛው ማነው?"

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ መጣና "ቲቸር፣ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን አንተ ትፍረደን ተባባልን። ቱፓክ ነው ወይስ ቢጊ አንደኛው?" አለኝ። መጀመሪያ በአንድ ቃል መልሼ ልገላገል ነበር። በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ ከመሀል የተጀመረ መሰለኝ። ደግሞ እኔም ከራፕ ጋር ያላወራረድኩት ሒሳብ አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱፓክ የተወለደው በ1971 ነው። ራፕ ተጀመረ የሚባልበት ድግስ ሲደገስ እሱ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር፣ ቢጊ ደግሞ አንድ ዓመቱ። ስለዚህ "ማነው አንደኛ" ከማለታችን በፊት "ማን ምን ጨመረ" ብንል ይሻላል። ታሪክ ስናስተምርም እንደዚያ ነው።

ቦታው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ነው። በሰፈሩ መሀል ክሮስ ብሮንክስ የሚባለው ትልቅ አውራ ጎዳና ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ አቅም ያለው ለቆ ወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሕንፃዎቹ መቃጠል ጀመሩ። አንዳንዱን ያቃጠሉት ራሳቸው አከራዮቹ ነበሩ፣ የኢንሹራንስ ብር ለመብላት።

እዚያ ሰፈር ኦገስት 11 ቀን 1973 ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ትምህርት ሊከፈት ሲል ልብስ መግዣ ፈለገችና በሚኖሩበት ሕንፃ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። ሙዚቃ የሚያጫውተው ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ጃማይካ ኪንግስተን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ የ18 ዓመት ልጅ። እኛ የምናውቀው ዲጄ ኩል ኸርክ ብለን ነው። ኸርክ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ጨፋሪው ከሁሉ በላይ የሚያብደው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ያቺ ቦታ ግን አጭር ናት። ስለዚህ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስገባ ከበሮዋን አስረዘማት። ከጎኑ ኮክ ላ ሮክ የሚባል ጓደኛው ማይክ ይዞ የመጡትን ልጆች በስማቸው እየጠራ ሰላም ይላል፣ ያሟሙቃል። የመጀመሪያው ኤምሲ እሱ ነው ይባላል። እንግዲህ ራፕ ሲጀመር ሰላምታ ነበር ማለት ነው።

ሰላምታው ቀስ በቀስ ስንኝ ሆነ፣ ስንኙም ረዘመ። እዚህ ላይ የሚመጣው ብዙዎቻችሁ ስሙን የማታውቁት ሰው ነው፦ ግራንድማስተር ካዝ። ካዝ ሸክላም ያጫውታል፣ ራፕም ያደርጋል። ግጥሙን ቀድሞ ደብተር ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው። ይህን ደብተር ያዙልኝ።

በ1979 ሲልቪያ ሮቢንሰን የምትባል ዘፋኝና የሙዚቃ አሳታሚ ይህ የሰፈር ጨዋታ ሸክላ ላይ ቢወጣ እንደሚሸጥ ገባት። ልጆች ስታፈላልግ ኒውጀርሲ ውስጥ ፒዛ ቤት የሚሠራ ሀንክ የሚባል ወጣት አገኘች። ሀንክ የካዝ ወዳጅ ነው፣ ሥራውንም ያመቻችለት ነበር እንጂ ራሱ ራፐር አልነበረም። የካዝን ካሴት ከፍቶ አብሮ ሲል ነው የሰሙት። ዕድሉ ሲመጣለት ካዝ ጋ ሄደና ግጥም ለመነው፤ ካዝም ደብተሩን ሰጠው፣ የፈለግከውን ውሰድ ብሎ። "ራፐርስ ዲላይት" የተባለው ዘፈን እንዲህ ተወለደ። ወደ 15 ደቂቃ የሚጠጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከምርጥ 40ዎቹ ገብቶ 36ኛ ደረጃ ደረሰ፣ ራፕንም ለዓለም አስተዋወቀ።

የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ካዝ በግጥሙ ውስጥ የራሱን መጠሪያ ፊደል በፊደል ቆጥሮ ነበር። ሀንክ እሱንም ሳይቀይር እንዳለ አለው! ከጎረቤቱ ሲኮርጅ የጎረቤቱን ስም ጭምር የጻፈውን ተማሪ ታስታውሱ የለ? እሱን ነው የመሰለኝ።

የማያስቀው ደግሞ ይኼ ነው። የዘፈኑ ሙዚቃ ሺክ ከሚባለው ባንድ የተወሰደ ነበር። የባንዱ ሰዎች በሕግ እንጠይቃለን ሲሉ ስማቸው በደራሲነት ገባላቸው። ካዝ ጠበቃ አልነበረውም፣ ስሙም አልገባም። ከዘፈኑ አንድም ነገር እንዳልደረሰው ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ያም ሆኖ ዓለም በሙሉ በቃሉ የሸመደደው የእሱን ደብተር ነው።

ቀጥሎ በ1981 መጨረሻ ሀርለም ወርልድ በሚባል ጭፈራ ቤት የሆነውን እናንሣ። ቢዚ ቢ የዘመኑ አሟሟቂ ነው። "እስቲ አብራችሁኝ በሉ" እያለ ታዳሚውን ማስጮህ ይችልበታል፣ ውድድርም ያሸንፋል። በዚያ ምሽት ግን ኩል ሞ ዲ የሚባል ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ስሙን እየጠራ በተደራረበ ስንኝ ልክ ልኩን ነገረው። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ከዚያ በኋላ ማስጮህ ብቻ አልበቃም፤ የግጥም ችሎታ መለኪያ ሆነ። ፉከራና ሽለላ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከኛ ወሰዱት ማለቴ አይደለም፣ እነሱም የራሳቸው የመሰዳደብ ጨዋታ ከጥንት አላቸው።

በ1982 "ዘ ሜሴጅ" ወጣ። የግራንድማስተር ፍላሽና የፉሪየስ ፋይቭ ሥራ ተብሎ ነው የወጣው፤ የግጥሙን አብዛኛውን የጻፈው ግን ኤድ ፍሌቸር የሚባል የሸክላ ቤቱ ሙዚቀኛ ነው። ቡድኑ መጀመሪያ አልፈለገውም ነበር። ሰው ሊጨፍር መጥቶ ስለ ድህነት ማን ይሰማል ብለው። ሜሊ ሜል ብቻ እሺ ብሎ ገባበት፣ የመጨረሻውን ክፍልም ከዚያ በፊት ከጻፈው ግጥም አመጣ፤ አንድ ልጅ ከተወለደበት እስከ እስር ቤት ሞቱ ያለውን የሚተርክ ነው። እስከዚያ ድረስ ራፐር የሚያወራው ስለ ራሱ ጉብዝና ነበር። ከዚህ በኋላ በመስኮቱ የሚያየውን መናገር ጀመረ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ድምፆች ውስጥ ከሂፕሆፕ የመጀመሪያው ይኼ ነው። ፍሌቸር ደግሞ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? አስተማሪ! ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተምሯል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ አልዋሽም።

ከዚያ ከኩዊንስ ሰፈር ረን ዲ ኤም ሲ መጡ። ሙዚቃውን ገፈፉት፤ ከበሮና ድምፅ ብቻ። የሚያብረቀርቅ የመድረክ ልብሱንም ተዉና ሰፈር በሚለብሱት፣ በኮፍያና ክሩ ባልታሰረ አዲዳስ ወጡ። የ1984ቱ አልበማቸው የወርቅ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የራፕ አልበም ነው። በ1986 ከሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ ጋር የሠሩት ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። "ይኼ ያልፋል" ይሉ የነበሩት ሰዎች ዝም ያሉት ያኔ ነው።

ሴቶቹስ? ታሪኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ፣ እኔ ግን አልዘልም። ሻ ሮክ ፈንኪ ፎር ፕላስ ዋን በሚባለው ቡድን ውስጥ ያለችው "ዋን" ራሷ ናት፤ በ1981 ቡድኗ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ቀርቧል። በ1984 ሮክሳን ሻንቴ ከኩዊንስብሪጅ የመንግሥት ቤቶች ወጥታ፣ ስለ ሴት ልጅ በተዘፈነ አንድ የወንዶች ራፕ ላይ መልስ ሰጠች። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር፤ የናንተ የዘጠነኛ ክፍል ዕድሜ። መልሷን ተከትለው የመልስ መልስ የሰጡት ብዙ ናቸው። ኤምሲ ላይት በ1988፣ ኩዊን ላቲፋ በ1989 ሙሉ አልበም አወጡ።

ራኪምን ካላነሣሁ ደግሞ ራፕ የሚያውቁ ተማሪዎቼ ይጣሉኛል። በ1987 ከኤሪክ ቢ ጋር ያወጣው "ፔይድ ኢን ፉል" የራፕን የአነጋገር ስልት ለወጠው። ከእሱ በፊት አብዛኛው ሰው ይጮሃል፣ ቤት የሚመታውም የስንኙ ጫፍ ላይ ነው። ራኪም ረጋ ብሎ ያወራል፣ ቤቱንም በስንኙ መሀል ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታል። ልጅ ሆኖ ሳክስፎን ይነፋ ነበር፤ የጆን ኮልትሬን የጃዝ አነፋፍም በግጥሙ ውስጥ ይሰማል። ዛሬ የምትሰሟቸው ራፐሮች በሙሉ፣ አወቁትም አላወቁትም፣ የእሱ ተማሪዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት ኬአርኤስ ዋን መጣ። ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ቤት አልባ ሆኖ መጠለያ ያደረ ልጅ ነው። መጠለያው ውስጥ ይሠራ የነበረ ስኮት ላ ሮክ የሚባል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዲጄ፣ አገኘው። አብረው በ1987 አልበም አወጡ። ወራት ሳይቆይ ስኮት ጠብ ሊያበርድ ሄዶ በጥይት ተገደለ። ኬአርኤስ ዋን ከዚያ በኋላ ራሱን "አስተማሪ" ብሎ ጠራ፤ በ1989 ራፐሮችን አስተባብሮ በሰፈር መገዳደልን የሚያወግዝ ዘፈን አወጡ። ቸክ ዲ በፐብሊክ ኢነሚ ፖለቲካውን በነጎድጓድ ድምፁ አስገባ። በሌላኛው ዳርቻ፣ ካሊፎርኒያ ኮምፕተን፣ ኤን ደብልዩ ኤ ስለ ፖሊስ ዱላ በብልግናም በእውነትም ተናገሩ፤ በ1989 ኤፍ ቢ አይ ለሸክላ ቤታቸው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ግጥም ያን ያህል ሊያስደነግጥ ይችላል።

ቱፓክና ቢጊ የመጡት ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ትልቅነታቸውን አልክድም። ግን አንዱ በ1996 በ25 ዓመቱ፣ ሌላው በ1997 በ24 ዓመቱ በጥይት ሞቱ። ሞት ደግሞ ደረጃ ያወጣል፣ ክርክሩም እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ። የሻንቴ ሰፈር ልጅ ናስ ግን ኖረ፤ በ2010 ከዴሚየን ማርሊ ጋር ባወጣው አልበም መክፈቻ ላይ የኛን የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ትሰማላችሁ። የሴጅዊክ ጎዳናው ዘዴ፣ ማለትም ከድሮ ሸክላ ላይ ቆርጦ አዲስ መሥራት፣ ዞሮ ዞሮ እኛም ጋ ደረሰ።

አሁን ወደ ሒሳቤ።

በዲፕሎማ ተመርቄ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ያረፍዳል። አንድ ቀን እያስተማርኩ አቀርቅሮ ሲጽፍ አየሁት። ኖት የሚጽፍ መስሎኝ ስጠጋ ራፕ ነው። ደብተሩን ነጠቅሁና ድምፄን እየለዋወጥሁ ለክፍሉ አነበብኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ይኼ የትም አያደርስህም" አልኩት። ደብተሩን ስታፍ ወሰድኩት። መጥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልመጣም። በሁለተኛው ሴሚስተር ጭራሽ ትምህርት ቤት አልነበረም። ቤተሰቡ ሰፈር ቀየረ አሉኝ።

የካዝን ታሪክ ሳነብ ያ ደብተር ትዝ አለኝና ከድሮ የትምህርት ዕቅዶቼ ጋር ካስቀመጥኩበት ካርቶን አወጣሁት። በዚያን ጊዜ የጮህኩት የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ብቻ ነበር። አሁን ሁሉንም አነበብኩት። ግጥሙ በሌሊት ቦኖ ውኃ ወረፋ ጀሪካን ይዞ ስለመቆም ነው። ተራው ሳይደርስ ደወል ይደወላል። ለምን እንደሚያረፍድ ጽፎት ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ "ለምን አረፈድክ" እያልኩ እጠይቀው ነበር፣ መልሱን ነጥቄ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ።

ስምህን እዚህ አልጠራም። ይህን ካነበብክ ደብተርህ እኔ ጋ ነው፣ አንድም ገጽ አልጎደለም። ያለህበት ድረስ አመጣልሃለሁ። ይቅርታውንም መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ጠይቄሃለሁ።

ለጠየቀኝ ተማሪዬ ደግሞ ፍርዴ፦ አንደኛው ካዝ ነው። ጓደኞችህ "ካዝ ማነው?" ካሉህ ይህን ጽሑፍ ላክላቸው።

እናንተስ ማንን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ሳትሰዳደቡ። መልካም ቅዳሜ።