አሮጌ ብረት፣ ትኩስ እግር

እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ቦርድማን በሴፕቴምበር 1996 ማንቸስተር በሚገኘው መም ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድቶ 56.375 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2000፣ ያው ሰው በዚያው መም ላይ ያንኑ አንድ ሰዓት ደገመው። የሄደው ግን 49.441 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ርቀት የት ገባ? ቦርድማን 32 ዓመት ሞልቶት፣ አጥንት የሚያሳሳ ሕመም ይዞት፣ ውድድር ሊያቆም የተቃረበበት ጊዜ ነበር። ይህ ጥቂቱን ያስረዳል። ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግን ብስክሌቱ ነው። በ1996 የነዳው ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተደርጎ የተቀረጸ የካርበን ብስክሌት ሲሆን፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደሚበር ሰው ተጋድሞበት ነበር። በ2000 የተቀመጠው ክብ ቱቦ፣ ተራ የሽቦ ጎማና ወደ ታች የታጠፈ መሪ ባለው፣ አባቶቹ በሚያውቁት ዓይነት ብስክሌት ላይ ነው።

ይህን ያደረገው ሕጉ ስላስገደደው ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ ሜርክስ ኦክቶበር 25 ቀን 1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር። የከተማዋ ከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ብስክሌቱን የሠራለት ጣሊያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ክብደት ለመቀነስ ሲል ካቴናውን ሳይቀር በስቶት ነበር፤ ሁሉም ተደምሮ 6 ኪሎ አልሞላም። ያም ሆኖ ብረት ነበር፤ ቅርጹም የተለመደው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን ሰውየውን ትተው ብስክሌቱን ማሻሻል ያዙ። ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 ሽቦ በሌለው ድፍን ጎማ 51.151 ኪሎ ሜትር ሄደ። ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ደግሞ በ1993 ራሱ በሠራው፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የተነቀለ ኩሽኔታ በገባለት ብስክሌት 51.596 ደረሰ። ኦብሪን ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። የፈጠራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ፈጠራው ከገዛ እጁና ከገዛ መፍቻው የወጣ ነው።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2000 ክብረ ወሰኑ የሚቆጠረው ሜርክስ በተጠቀመበት ዓይነት ብስክሌት ሲመዘገብ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። ቦርድማን በዚህ ሕግ ገብቶ ሜርክስን በ10 ሜትር በለጠው። በ28 ዓመት ውስጥ የሥልጠናው፣ የምግቡና የሕክምናው ዕውቀት ሁሉ ተደምሮ 10 ሜትር! እርግጥ ነው፣ የሜክሲኮ ሲቲና የማንቸስተር አየር አንድ አይደለም፤ ልኬቱ እንከን የለውም አልልም። ያም ሆኖ ስለ አሮጌ ብስክሌት ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህች 10 ሜትር ነው። ሕጉ በ2014 ተመልሶ ላላ፤ በ2022 ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በስሪዲ ህትመት በተሠራ ብስክሌት 56.792 ኪሎ ሜትር ነዳ። ድንቅ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የጋና፣ ስንቱ የማሽኑ እንደሆነ ለይቶ መናገር ግን ከባድ ነው። አሮጌ ብስክሌት ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም።

ዛሬ አሮጌ የምንለው ሁሉ በጊዜው አዲስና አወዛጋቢ እንደነበር አንርሳ። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 መጠናቸው የተቀራረበ ጎማዎችና ካቴና ያሉትን ብስክሌት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ደንሎፕም በ1888 በአየር የሚነፋ ጎማ ሲያወጣ፣ ያ የዘመኑ ረቂቅ ቴክኖሎጂ ነበር። በቱር ደ ፍራንስ ካቴና ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውር ማርሽ ለሁሉም የተፈቀደው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ዳገት ሥር ሲደርስ ይወርድና የኋላ ጎማውን ፈትቶ ያዞር ነበር፤ በአንዱ በኩል የዳገት፣ በሌላው በኩል የሜዳ ጥርስ አለ። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባል ተራራ ላይ፣ በበረዶ በደነዘዘ ጣቱ የጎማውን ብሎን መፍታት አቅቶት ውድድሩ እንዳመለጠው ይተረካል። በእጅ ተጠምዝዞ ወዲያው የሚለቀው የጎማ ማጥበቂያ ከእሱ ስም ጋር የተያያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በስሙ የሚጠራው ፋብሪካም በ1933 ቪቼንዛ ውስጥ ተቋቋመ።

እኔ የምነዳው ብስክሌት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ማርሽ መቀየሪያው ያለው መሪው ላይ ሳይሆን፣ ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ ነው፤ እንደ ጣት የቆሙ ሁለት ትንንሽ ማንሻዎች ናቸው። ዳገት ሲቀርብ አንድ እጄን ከመሪው አላቅቄ ወደ ታች አወርድና ማንሻውን በቀስታ እስባለሁ። የት ላይ እንደማቆም የሚነግረኝ ምልክት የለም። ካቴናው ጥርስ ሲለቅ ያንገራግራል፤ ትንሽ ስጨምርለት ጩኸቱ ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ገባ ማለት ነው። ቀድሜ ካላሰብኩበት ዳገቱ ወገብ ላይ ቀርቼ መውረዴ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከሩቅ አነባለሁ።

አዲሶቹ ይህን ሁሉ ለባትሪና ለትንሽ ሞተር አስረክበዋል። ሺማኖ የኤሌክትሪክ ማርሹን ገበያ ላይ ካዋለበት ከ2009 ወዲህ አንድ ቁልፍ መንካት በቂ ሆኗል። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ሞክሬው አድንቄያለሁ። ነገር ግን ወዳጄ ከውጭ ያስመጣው እንዲህ ያለ ብስክሌት ባትሪ መሙያው ቢበላሽ ምትክ እስኪገኝ ሳምንታት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የፍሬን ቱቦው በመሪው ውስጥ አልፎ ፍሬሙ ሆድ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ፣ የመሪውን ኩሽኔታ ለመቀየር እንኳ ፍሬኑን መፍታት ግድ ሆነ። የሰፈራችን ጠጋኝ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎን አምጡልኝ፤ የእርስዎ ሁሉም ነገሩ ውጭ ነው» አለኝ። የእኔን ጎማ ሲያቃና አየሁት፦ በባዶው ያሽከረክረዋል፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እንደ ክራር ጅማት እየነካ ድምፃቸውን ያዳምጣል፣ የላላውን ሩብ ዙር ያጠብቃል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የጠጋኙ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ካቴና፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ውስጥ ቤታቸውን ሠርተዋል። ታሪኩ በቃላት ብቻ አያበቃም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክም የብስክሌት ቡድን ነበራት። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሲወጣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በብረት ብስክሌት ላይ የተገኘው ይህ ውጤት በሩጫው ዝና ተጋርዶ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሮጌ ብስክሌትን ለመንዳት ብሎ መጠበቅን ከሁሉም አሳምራ የምታሳየን በቶስካና፣ ኪያንቲ ውስጥ የምትገኘው ጋዮሌ የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው በ1997 «ሌሮይካ» የሚባለውን ጉዞ ሲጀምር ተሳታፊዎቹ 92 ነበሩ፤ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ። የሕጉ ዋና ነጥብ አጭር ነው፦ ብስክሌቱ ከ1987 ወዲህ የተሠራ አይሁን፣ ማንሻው ቱቦው ላይ ይሁን፣ ፔዳሉ የእግር ማሰሪያ ይኑረው፣ የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው በላይ ወጥቶ ይታይ። ረጅሙ መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በየማረፊያው በኃይል ሰጪ ጄል ፋንታ ዳቦ፣ የአትክልት ሾርባና ወይን ይቀርባል።

የብሮቺ ጭንቀት ግን ከብስክሌቱ ያልፍ ነበር። በወይን እርሻዎቹ መሐል የሚያልፉት ነጭ የጠጠር መንገዶች አስፋልት ሊለብሱ ነበርና እነሱን ማትረፍ ፈለገ። ተሳካለት። ከ2007 ጀምሮ የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች በእነዚሁ መንገዶች ላይ ዛሬ «ስትራዴ ቢያንኬ» በሚባለው ውድድር ይፎካከራሉ፤ የሚነዱትም የመጨረሻውን የካርበን ብስክሌት ነው። አዲሱን ወደዚያ መንገድ የመራው አሮጌው ነው። እንዲህ ዓይነት መተሳሰብ በሁለቱ መካከል ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የአሮጌውን ጉድለት አልደብቅም። ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይዝም ለማለት ይቀርባል፤ በክረምት ቁልቁለት ላይ የአዲሶቹ የዲስክ ፍሬን በማያሻማ መልኩ ይበልጣል። ለረጅም ዓመት የቆመ ብስክሌትም ሳይመረመር አይነዳም፤ የመሪው አንገት ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፣ ከውስጥ የዛገ ቱቦም ከላይ በቀለም ተሸፍኖ ያታልላል።

ግቢያችሁ ጥግ፣ ከቆርቆሮና ከአሮጌ በርሜል ጀርባ የአባታችሁ ወይም የአጎታችሁ ብስክሌት ቆሞ ከሆነ ለቁራሌው አትስጡት። አውጡትና አቧራውን ጥረጉለት። የፍሬኑን ሽቦና ላስቲክ ለውጡ፣ ጎማውን ቀይሩ፣ የመሪውን አንገት በብርሃን አገላብጣችሁ መርምሩ፣ ካቴናውን በጋዝ አጥባችሁ ዘይት ቀቡት። ከዚያ እሁድ ጠዋት፣ መኪናው ሳይበዛ፣ ይዛችሁት ውጡ።