«ኮሶ ጠጥቷል»፤ የጎንደር ሰው ራሱን የሚጠይቅበት ቀን

በአማርኛ በሽታና መድኃኒት በአንድ ስም ሲጠሩ እምብዛም አይገጥመኝም። ኮሶ ግን እንዲህ ነው። ዛፉ ኮሶ ነው፤ ከአበባው የሚዘጋጀው መራራ መድኃኒት ኮሶ ነው፤ በሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሰውን የሚያመነምነው ረጅም ትልም ኮሶ ነው። «ኮሶ አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ትሉ ይናገራል፤ «ኮሶ ጠጣሁ» የሚለው ስለ አበባው። ቋንቋችን ሁለቱን ካልለያቸው፣ አያቶቻችንም በኑሯቸው ለያይተው አላዩአቸውም ማለት ይመስለኛል። ትሉ የማይቀር እንግዳ ነበር፤ አበባውም የማይቀር ማስወጫው።

ዛሬ ስለ ጤና ሲወራ «ተመርመር፣ አኗኗርህን ለውጥ» የሚለው ምክር ትናንት ከውጭ የመጣ ይመስላል። የጎንደርን ታሪክ ሳገላብጥ የማየው ግን ሌላ ነው። በተወሰነ ጊዜ ሥራን አቁሞ፣ በርን ዘግቶ፣ ሰውነትን የመከታተል ልማድ በዚህ አገር ሥር የሰደደ ነበር። ያ ልማድ ምን እንደሰጠን፣ ምን እንደጎደለውና ሲቀር ምን ይዞ እንደሄደ ማየቱ ለዛሬው ችግራችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የኮሶ ዛፍ ደገኛ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለው አገር፣ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች አካባቢ ይበቅላል። ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ነው። አበባው ደርቆና ተፈጭቶ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የማያውቅ እንኳ ነገር ሲመርረው «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል።

ጎንደር የነገሥታት ከተማ በነበረችበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ባዕዳን ሐኪሞችን ያውቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አድያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ፣ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በሐኪምነት ተፈለገ። በሮችና መስኮቶች ይከፈቱ፣ ቤቱም ይታጠብ ብሎ ማዘዙን ጽፏል። እንዲህ ያለው ሕክምና ግን ለጥቂቶች ነበር። ኮሶ የሁሉም ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ ባላባትም ሆነ ባላገር፣ ከትሉ አያመልጥምና።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ለኮሶ ዛፍ ከነሥዕሉ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። አንድ እፍኝ ያህል የደረቀ አበባ ሌሊቱን ከጤፍ በተጠመቀ መጠጥ ተዘፍዝፎ እንደሚያድር፣ ሰዉም በየወሩ እንደሚጠጣው ይናገራል። ሌሎች ጸሐፊዎች ደግሞ በየሁለት ወሩ ይሉታል። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ስለ ጠጪው የጻፈው ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ከጧት እስከ ማታ ከቤቱ አይወጣም፤ ለወዳጆቹ እንኳ አይታይም ይላል።

ይህን ልብ እንበል። በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የነፍስ አባቱ ይመጡለታል። በኮሶ ቀን ግን ጠያቂም ተጠያቂም አንድ ሰው ነው። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ የሚጠራው፣ የሚያዘው፣ ለምን አልመጣህም ብሎ የሚቀየመው የለም። አንድ ሙሉ ቀን ለሰውነቱ ተሰጥቷል። የወጣው ምን ያህል ነው? ገና የቀረ አለ? አቅሜስ እንዴት ነው? እያለ ሆዱን የሚያዳምጥበት ቀን ነው። ሐኪም ቤት ባልነበረበት አገር ይህ የዋዛ ሥርዓት አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ ገበያም ነበረው። የጎንደር ገበያ ኮሶ ሻጮችን ያውቃል፤ ሥራው ግን የድኃ ሥራ ተብሎ የሚናቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ ሳሉ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ጎንደር ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። በ1839 ዓ.ም. በእቴጌ መነን ታዝዘው ሊይዟቸው የዘመቱት ደጃዝማች ወንድይራድም ይህንኑ ስድብ ደግመው ፎክረዋል ይባላል። ካሳ ድል አድርገው ሲማርኳቸው፣ የእናቴ ኮሶ ዛሬ ሳይሸጥ ቀርቷልና ብለው ኮሶ እንዳስጠጧቸው ይተረካል። ሁሉም በየጊዜው የሚጠጣውን መድኃኒት ሻጩን መናቅ እንዴት ያለ ነገር ነው? መድኃኒቱን እየፈለጉ መድኃኒተኛውን ማቃለል ከዚያ ዘመን ጋር የቀረ አመል አይመስለኝም።

እንግዲህ የኮሶን ቀን አወድሼ ብቻ ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያ ነገር መድኃኒቱ ራሱ አደገኛ ነው። ልኩ ሲያልፍ ሰውን ክፉኛ ይጥላል፤ ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። ሁለተኛው ጉድለት ግን ከዚህ ይከፋል። ሰው በየሁለት ወሩ ለምን ይጠጣል? የትሉ ሰንሰለት ተበጥሶ ሲወጣ ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ይታያል። ጭንቅላቱ ቢወጣም እንኳ ሰውየው በሚቀጥለው በዓል ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል። ትሉ ይመለሳል፤ ኮሶም ይመለሳል። አያቶቻችን ቀኑን ያውቁ ነበር፤ አኗኗራቸውን ግን አይለውጡም ነበር። ኮሶ ራስን የመከታተያ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ እንደልብ ለመብላት የሚከፈል ግብርም ነበር።

ሌላው ትምህርት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይኸው ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ትምህርቱ የኮሶን ምስጢር የሚገልጥ ነበር። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፤ ከብት ያንን ሣር ይግጣል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ይበላል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ሥጋውን አብስሎ መብላት ወይም መጸዳጃ ቆፍሮ መጠቀም ይበቃል። አንዲት ጉድጓድ የብዙ ዓመት ኮሶ ታስቀራለች። አኗኗርን መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ከዚያም ክኒኑ መጣ። ዛሬ ኮሶ የታየበት ሰው ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ይውጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። ምሬቱ ቀረ፤ አደጋውም ቀረ፤ ደግም ሆነ። ከምሬቱ ጋር ግን ቀኑም ቀረ። ከኮሶ በኋላ ቀኑን የወረሰው ማነው ብዬ ስጠይቅ መልስ አጣለሁ።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? ኮሶ ራሱን ያሳያል፤ ትሉ ብቅ ሲል ሰው ያውቃል። የዛሬዎቹ በሽታዎች ግን አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከመቶው 28 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አገኘ። ከእነዚህም ከሦስቱ ከአንድ የሚበልጡት መታመማቸውን አያውቁም ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ካሉት የስኳር በሽታ በከተማ ከመቶ 5.1፣ በገጠር ከመቶ 2.1 እንደሚደርስ አሳየ። ከተገኙት ሕሙማን 69 በመቶው ቀድሞ አልተመረመሩም። ከተሜው በበሽታው ይበልጣል፤ ባላገሩ ደግሞ ባለማወቅ።

ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከዳባት የሚነሣ አንድ ሥራ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1996 በጀመረው የምርምር ጣቢያ፣ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ፣ ማን መጣ እያሉ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የአገሩ ጤና ይታወቅበታል። መዝገቡ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ራሱን አይጠይቅለትም። ግፊቴ ስንት ነው? ስኳሬስ? ከዓምናው ምን ያህል ጨመርኩ? ጨው ቀነስኩ ወይ? ይህ ጥያቄ የባለቤቱ ነው።

የጥንቶቹ ቀኑን ይዘው ለውጡን ተዉ፤ እኛ ለውጡን ከነምክንያቱ ተምረን ቀኑን ጣልነው። አንዱ ያለ ሌላው እንደማይበቃ የኮሶ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቀን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጾሙን ሁሉ የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ አይቀምስም፤ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚፈታ ያለ ማስታወሻ ያውቀዋል። ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው ቅበላ ለቁርጡ ትታወቃለች። በዚያች ቀን ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ክንድን ለግፊት መለኪያ፣ ጣትን ለስኳር መርፌ መስጠት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንደ ኮሶም አይመርም። በፋሲካ ማግስት ያንኑ ደግሞ መለካት፣ ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ነው። የጎረቤት ሰው መጥቶ «የት ነው?» ቢል፣ ከቤት ሰው አንዱ «ሊለካ ሄዷል» ይበለው። «ኮሶ ጠጥቷል» ሲባል እንደነበረው፣ ማንም የማይቀየምበት በቂ ምክንያት ይሁን።