ሱቅና መኖሪያ፦ ከአራዳ እስከ ገርጂ

የአንድ ከተማ ባሕል በሐውልቱና በአዳራሹ ብቻ አይለካም፤ ነዋሪው የሚገበያይበት ስፍራም የታሪኩ ምስክር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች በአካባቢው ካሠሯቸው ፎቆች ብዙዎቹ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነበሩ። ይህን አንድነት ያናጋው ፋሽስት ኢጣሊያ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ አራዳን ለአውሮፓውያን ከልሎ፣ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሰፈር አዛወረው።

በምሥራቅ በኩል ያለው የቦሌ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ በኋላ በጎዳናው ግራና ቀኝ ባለ አጥር ቪላዎች ተተከሉ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙዎቹ ለሱቅ፣ ለካፌና ለፎቅ ስፍራቸውን ለቀቁ። ደምበልና ኤድና ሞልን የመሳሰሉ የገበያ ማዕከላት ንግድንና መዝናኛን በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሰበስቡም፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ የዞረ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገርጂ፣ ቀጥሎም በሰሚትና በአያት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግን የታችኛው ወለል በብዙ ቦታ ለንግድ ተመደበ። በዚያ ጫማ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩና ቡና አፍዪዋ ከነዋሪው ጋር ይውላሉ፤ ባለ ሱቁ ደንበኛውን በስሙ ያውቃል፤ ደመወዝ እስኪደርስም ዱቤ ይሰጠዋል። የአራዳው ልማድ በምሥራቅ እንደገና በቀለ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ የታጣው ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ገበያና ጉርብትናም አብሮ ተበትኗል። ስለዚህ አዲስ ሰፈር የሚተክል ሁሉ የሚሠራውን ቤት ሲቆጥር፣ ከቤቱ ሥር የሚከፈተውንም ሱቅ ሊያስብ ይገባዋል።