ከበርሜል ጥርስ እስከ ኦርጋን ቁልፍ
(አጃቢ ድምፅን አንድ በአንድ ስለ መቅዳት)

ተጫዋች በሌለበት ሙዚቃ የማሰማት ምኞት ኤሌክትሪክ ከመገኘቱ እጅግ ቀደም ብሎ የተወለደ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖሩትና የሙሳ ልጆች በመባል የሚታወቁት ሦስት ወንድማማቾች በውሃ ኃይል ራሱን የሚጫወት ዋሽንት በመጽሐፍ ገልጸው ነበር። በሚዞር በርሜል ላይ የተተከሉት ጥርሶች የዋሽንቱን ቀዳዳዎች በየተራ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በ1775 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንግራሜል የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ጥርሶቹ በርሜሉ ላይ የት የት መተከል እንዳለባቸው በስሌት የሚያስተምር መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳተመ። የሚተክለው ሰው ቢቸኩልም ቢዘገይም ዜማው አይበላሽም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በኋላ በርሜሉን የሚያዞረው እጅ ነውና። የማሰቢያው ጊዜ ከመጫወቻው ጊዜ የተለየው በዚህ ዓይነት ነው።

በእኛ ዘመን በኤሌክትሪክ ኦርጋን ላይ ኮርድን አንድ በአንድ የመቅዳት ዘዴ የዚሁ በርሜል የልጅ ልጅ ነው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1977 ኤምሲ 8 የሚባል መሣሪያ አወጣ። ተጠቃሚው የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታና ርዝመት በቁጥር እየጻፈ ያስገባ ነበር። ዋጋው ግን ለተራ ሙዚቀኛ የሚቀመስ አልነበረም። ዘዴው ወደ ሰፊው ሕዝብ የወረደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነካሲዮ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ኦርጋኖች ሲያወጡ ነው። ቪኤል 1 የተባለችው ትንሽ መሣሪያ እንኳ 100 ኖታ በማስታወሻዋ ትይዝ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመቅጃው ቁልፍ ይጫናል፤ ምቱ ግን አይጀምርም፤ መሣሪያው ዝም ብሎ ይጠብቃል። በግራ እጅ የመጀመሪያው ኮርድ ይያዛል፣ ስንት ምት እንደሚቆይ ይወሰንለታል፣ ይመዘገባል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። በመካከል ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ምቱ ሲለቀቅ አጃቢው ሳያቋርጥ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅም ለዜማው ነፃ ይሆናል።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በእነዚህ ኦርጋኖች ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡት ኮርዶች የእኛን ቅኝት አስበው የተሠሩ አይደሉም። ትዝታን ከዶ ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የፋ ሜጀር ኮርድ ከቅኝቱ ውጭ የሆነውን ፋን ይዞ ይገባል፤ የሶል ሜጀር ደግሞ ሲን ይጨምራል። ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚያጅቡት የዶ ሜጀርና የላ ማይነር ብቻ ናቸው። የመመሪያውን ወረቀት ተከትሎ ሁሉንም የደረደረ ሰው ትዝታውን ያደፈርሰዋል። አንድ በአንድ የሚቀዳ ግን እያንዳንዱን አዳምጦ የማይስማማውን ለመጣል ጊዜ አለው።

ኦርጋን ባንዶችን አፈረሰ፣ የነፋሹንና የከበሮ መቺውን እንጀራ ወሰደ የሚሉ አሉ። በብዙ ቤት እውነት ነው። ይሁንና የዋልያስ ባንድን ታሪክ እናስታውስ። በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሰው እስኪነጋ ከሂልተን ሆቴል መውጣት በማይችልበት ሌሊት ዋልያሶች እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሄደው ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኦርጋን ተጫዋቹን አቶ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። የለያያቸው ባሕር ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። በ1985 አቶ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የያማሃ ዲኤክስ 7 ኦርጋንና የምት ማሽን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ አንድ ሙሉ ካሴት ቀዱ። ይህ ድምፅን መደረብ እንጂ ኮርድን መመዝገብ አይደለም፤ ነገር ግን የጎደለውን ጓደኛ ቦታ በየተራ እየሸፈኑ መሄድ ለሁለቱም አንድ ነው። በኋላም ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ መንገደኛ በሚጠብቁበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኦርጋን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በብዙ አገር ተሰማ።

ባንዱ የተበተነበት ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እኛም በመጠለያችን ከበሮ መቺው በአንድ አገር፣ ክራር ደርዳሪው በሌላ አገር የቀረበት ዘፈን ሞልቶናል። ስለዚህ ኦርጋን የሚነኩ ወጣቶቻችን ሽማግሌዎች የሚያንጎራጉሩትን ዜማ እየሰሙ አጃቢውን በዝግታ፣ አንድ በአንድ ቢመዘግቡ መልካም ነው። ከብዙዎቹ መሣሪያዎች ማስታወሻ ላይ ግን ባትሪው ሲያልቅ የተቀዳው አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም የኮርዱን ተራና የምቱን ቁጥር አስቀድማችሁ በደብተር ጻፉት፤ ከሥሩም ዜማውን የሰጣችሁን ሰው ስምና የመጣበትን አገር አክሉበት።