የሞርሳና የመቆሚያው ታሪክ

ሰው ብረትን ለመሥራት ሲነሣ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው የሚመታ፥ ሁለተኛው የሚይዝ ነው። የሚመታው እጅ ስሙ ይነሣል፥ ይመሰገናልም፤ የሚይዘው እጅ ግን ዝም ብሎ ስለሚያገለግል የሚያስታውሰው የለም። ጠቢቡ ሲራክ በመጽሐፉ በ38ኛው ምዕራፍ በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ የእሳት ወላፈን ስለሚያቀልጠው ቀጥቃጭ ተናግሮ፥ እንደዚህ ያሉ ባለ እጆች በሸንጎ ባይጠሩም ያለ እነርሱ ከተማ ሊቀና እንደማይችል ይመሰክርላቸዋል። ስለ ባለ እጁ የተነገረው ይህ ቃል ለመሣሪያውም ይስማማል፤ ይልቁንም ሦስተኛ እጅ ሆኖ ሥራውን ለሚይዝለት ለሞርሳ።

ሞርሳ ሁለት መንጋጋና አንድ ጠመዝማዛ ዘንግ ያለው፥ ብረትን ወይም እንጨትን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ስሙ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን፥ ምሥጢሩም ከመንከስ የወጣ ነው። እንግሊዞች ግን «ቫይስ» ይሉታል፤ ይህም ቃል በቀድሞው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ «ቪቲስ» ከሚለው ከላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ቪቲስ ማለት የወይን ተክል ነው። የወይን ሐረግ በድጋፉ ላይ እየተጠመዘዘ እንደሚወጣ፥ የብረቱም ጥርስ በዘንጉ ዙሪያ እየዞረ ስለሚወጣ በዚህ ስም ተጠራ። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በንክሻው፥ ሌላው በጠመዝማዛው ሰየመው፤ እግሩን ግን ሁለቱም ረሱት። ይሁን እንጂ ታሪኩን ለሚመረምር ሰው የሞርሳ ኃይል በመንጋጋው ብቻ ሳይሆን በሚቆምበት ነገር ጭምር መሆኑ ይገለጥለታል።

ጠመዝማዛው ዘንግ ለዚህ ሥራ ከመዋሉ በፊት ባለ እጅ ሥራውን በሽብልቅ እያጠበቀ፥ በጉጠት እየያዘ፥ ወይም በእግሩ እየረገጠ ይሠራ ነበረ። በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1505 ዓመት የተዘጋጀ፥ በማርቲን ሎፈልሆልዝ ስም የሚጠራ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አለ፤ ዛሬም በፖላንድ በክራኮው ከተማ በያጌሎን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በጠመዝማዛ ዘንግ የሚያጠብቅ መያዣ የተገጠመለት የአናጢ ጠረጴዛ ተሥሎ ይታያል። ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀጥቃጮች ለብረት ሥራ የያዙት ግን ባለ እግሩን ሞርሳ ነው። ይህ ሞርሳ በእሳትና በመዶሻ ከተቀጠቀጠ ለስላሳ ብረት የተሠራ ሲሆን፥ ሁለት ክንድ አለው። አንደኛው ክንድ ረዥም ነው፤ ከመንጋጋው ጀምሮ እስከ ወለሉ ይወርድና ጫፉ በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። ሁለተኛው ክንድ አጭር ነው፤ ከታች በማጠፊያ ተያይዞ ከላይ ይከፈታል፥ ይዘጋልም። በሁለቱም መካከል እንደ ባሌስትራ ያለ ልምጥ ብረት አለ፤ ዘንጉ ሲላላ መንጋጋውን ገፍቶ የሚከፍተው እርሱ ነው። የመንጋጋው ፊት አረብ ብረት ለብሶ ውሃ ጠጥቶ የጠነከረ ነው።

የዚህ አሠራር ጥበብ በእግሩ ላይ ነው። ቀጥቃጩ የጋለውን ብረት በመንጋጋው አስይዞ በከባድ መዶሻ ሲመታው፥ የምቱ ኃይል በረዥሙ ክንድ ወርዶ ወደ መሬት ይገባል። ጠረጴዛው አይናወጥም፥ ዘንጉም አይጎዳም፤ መሬት ሁሉን ይሸከመዋልና። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ተንቀሳቃሹ ክንድ በማጠፊያ ላይ ስለሚዞር ሁለቱ መንጋጋዎች ፊት ለፊት በትክክል የሚገጥሙት በአንድ ስፋት ብቻ ነው፤ ከዚያ የወፈረ ሥራ ሲገባ በታችኛው ጠርዝ፥ የቀጠነ ሲገባ በላይኛው ጠርዝ ይነክሳል።

በዚያ ዘመን የዘንጉን ጥርስ ማውጣት ራሱ ታላቅ ድካም ነበረ። ሠራተኛው መስመሩን በዘንጉ ዙሪያ ምልክት አድርጎ በሞረድ እየፋቀ ያወጣው ነበረ፤ ዘንጉ የሚገባበትንም ቱቦ ሲሠራ ቀጭን የብረት ጥምጥም በውስጡ አኑሮ በነሐስ ያጣብቀው ነበረ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘንግ የሚገጥመው ለገዛ ቱቦው ብቻ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ የሌላው ሞርሳ አይተካውም። በኋላ በእንግሊዝ አገር በደድሊ ከተማ የነበረው ፒተር ራይት የተባለ መስፍና ሞርሳ ሠሪ ቱቦውን ከወጥ ብረት በመሥራት ስሙ ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የአንድ ጎልማሳ ነገር ነው። ሄንሪ ሞድስሌይ በ1771 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በ12 ዓመቱ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ሥራ ቤት ገብቶ ቀለህ ይሞላ ነበረ፤ ከዚያም ወደ አናጢዎቹ፥ በኋላም ወደ ቀጥቃጮቹ ዘንድ ተዛወረ። ዕድሜው 18 ዓመት በሆነ ጊዜ በለንደን ከተማ በቁልፍ ሥራ ስሙ የታወቀው ጆሴፍ ብራማ ለሥራ ፈለገው። ሳሙኤል ስማይልስ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ጎልማሳው በደንቡ መሠረት 7 ዓመት በተማሪነት ስላላገለገለ የሥራ ቤቱ ሰዎች እንደ ባልደረባ አይቀበሉትም ተብሎ ተፈራ። ሞድስሌይም በዚያ ቆሞ የነበረውን ያረጀና መንጋጋው ያለቀ ሞርሳ አሳይቶ፥ ይህን እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ እንደ አዲስ ባደርገው ይበቃልን? ሲል ጠየቀ። ተፈቀደለት። መንጋጋውን አረብ ብረት አለበሰው፥ በሞረድ አስተካከለው፥ ውሃ አጠጥቶም አጠነከረው። ሰዓቱ ሳይደርስም ሞርሳው ተፈጽሞ ታየ፤ ሰዎቹም ሥራውን አይተው ተቀበሉት።

የተሰበረውን ያቀና ሰው አዲስ ለመሥራት የታመነ ይሆናል። ይኸው ሞድስሌይ በ1800 ዓመት ገደማ የብሎንን ጥርስ በትክክል የሚያወጣ የብረት ቶርኖ አቆመ። በእርሱ ሥራ ቤት ካገለገሉት አንዱ የነበረው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ በ1841 የብሎን ጥርስ በየፋብሪካው አንድ ዓይነት ይሆን ዘንድ መለኪያ አቀረበ። ከዚህ በኋላ ዘንግና ቱቦ እንደ መንታ ወንድማማች አብረው ካልተወለዱ አይገጥሙም የሚባለው ነገር እየቀረ ሄደ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች ሲበዙ የሞርሳም መልክ ተለወጠ። የፋብሪካ ሠራተኛ ከመቀጥቀጥ ይልቅ በሞረድ መሞረድን፥ ልክ ማስገባትንና መገጣጠምን ያዘወትር ጀመር፤ ስለዚህ በማንኛውም ስፋት መንጋጋው ፊት ለፊት የሚገጥም፥ ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት ሞርሳ ተፈለገ። ይህም ብረትን አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ተሠራ። በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት በሜሪደን ከተማ በ1832 ቡና መፍጫ በመሥራት የጀመረው ቻርልስ ፓርከር በኋላ በዚህ ዓይነት ሞርሳ ስሙ እጅግ የታወቀ ሆነ።

አዲሱ ሞርሳ በአንድ ወገን አተረፈ፥ በሌላው ግን አጎደለ። በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ደረቅ ነው፤ ቢመቱት አይታጠፍም፥ ይሰበራል እንጂ። ከዚህም በላይ እግሩን አጣ። መሬት ላይ መቆሙ ቀርቶ በብሎን ከጠረጴዛ ጋራ ታሰረ፤ ጠረጴዛው ጽኑ ከሆነ እርሱም ጸና፥ ጠረጴዛው ከተናወጠ እርሱም ተናወጠ። ኃይሉን ከራሱ ሳይሆን ከባልንጀራው የሚቀበል ሆነ። በ1941 ከቼኮዝሎቫኪያ የተሰደደው ሁጎ ፎገል በቺካጎ ከተማ ያቋቋመው የዊልተን ፋብሪካ ዘንጉን ከትቢያና ከብረት ፍቅፋቂ የሚጠብቅ፥ እንደ ጥይት የሞለለ ክብ ቤት ሠራለት፤ ነገር ግን ይህም ቢሆን የሚቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለአሮጌ መሣሪያ የከፋ ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ይልቁንም በ1942፥ በአሜሪካ አሮጌ ብረት ለጦር መሣሪያ እንዲቀልጥ ከየቤቱና ከየእርሻው ተሰበሰበ። ከጦርነቱም በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሞርሳዎችም ከጠረጴዛቸው ተፈትተው ብዙዎቹ እንደ ቁራጭ ብረት በሚዛን ተሸጡ። ጠረጴዛው ማገዶ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው እነዚህን መሣሪያዎች ከቁራጭ ብረት ክምር እያወጡ የሚገዙ፥ የሚያጸዱና የሚጠግኑ ሰዎች የተነሡት።

የሰብሳቢ መጀመሪያ ሥራው ማንበብ ነው። የሠሪው ማኅተም፥ የክብደቱና የመንጋጋው ስፋት ቁጥር በዝገትና በቀለም ሥር ተሰውሮ ይገኛል። በብዙ የዊልተን ሞርሳዎች ላይ በተንሸራታቹ ክንድ ሥር ወርና ዓመት ተቀርጿል፤ በቀደሙት ላይ የተሠራበትን ጊዜ፥ በኋለኞቹ ላይ ግን የ5 ዓመት ዋስትናው የሚያልቅበትን ስለሚያመለክት፥ ይህን ያላወቀ ሰው በዘመኑ ቈጠራ ይሳሳታል። ጉዳቱም ይነበባል። እጀታው የጎበጠ እንደ ሆነ አንድ ሰው ቱቦ ሰክቶበት ከልክ በላይ አጥብቋል ማለት ነው፤ እንደዚህ ያለውን ሞርሳ ከመግዛት በፊት አካሉ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። በባለ እግሩ ሞርሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሚገኘው ያ ልምጥ ብረት ነው።

ዝገቱን ለማስለቀቅ አንዳንዶች በነጭ ጋዝና በዘይት ይዘፈዝፉታል። ሌሎች የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክረው ከባትሪ መሙያ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ያራግፉታል፤ ሞርሳው ከነጌቲቩ ጫፍ፥ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋራ ይታሰራል። ለቁራጩ የማይዝግ ብረት ማግባት ግን መርዝ ያወጣልና ክልክል ነው። በቅርጽ የፈሰሰው አካል ተሰንጥቆ እንደ ሆነ በብየዳ ጊዜ አስቀድሞ መሞቅ፥ በኋላም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ የቸኮለ ሰው አንዱን ስንጥቅ ሁለት ያደርገዋል። በመጨረሻም በተልባ ዘይት ወይም በሰም ይታሻል።

በሰብሳቢዎች መካከል ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ የመዶሻውን ጠባሳ ሁሉ ፍቆ፥ አዲስ ቀለም ቀብቶ እንደ መስተዋት ያበራዋል። ሌላው ጠባሳው የሠራተኞቹ ታሪክ ስለ ሆነ አይነካም ይላል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሊረሱ ይችላሉ፤ ይኸውም መቆሚያው ነው። ብዙ ሞርሳ ታጥቦ፥ ተቀብቶ፥ በመደርደሪያ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጧል፤ መንጋጋው ይዘጋል፥ ይከፈታል፥ አንዳች ግን አይዝም።

መቆሚያ መሥራት የጥገናው ግማሽ ነው። ጥንታዊው መንገድ ወፍራም ግንድ በመሬት መቅበር ነው። በዛሬው ጊዜ የከባድ መኪና ቸርኬ ወይም ወፍራም ላሜራ መሠረት አድርገው፥ በላዩ ሰፊ ቱቦ በይደው፥ ውስጡን በአሸዋ የሚሞሉ አሉ፤ አሸዋው ክብደት ይጨምራል፥ የምቱንም ጩኸት ያበርዳል። የመንጋጋው ጫፍ ከቆመ ሰው ክርን ጋራ ይስተካከል፤ ከዚያ ቢዘቅዝ ወገብ ይጎዳል፥ ቢወጣም ክንድ ይዝላል። በጠረጴዛ ላይ የሚታሰርም ከሆነ፥ ረዥም ሥራ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማለፍ እንዲችል የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጥቂት ወደ ፊት መውጣት አለበት። ባለ እግሩም ሞርሳ እግሩ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ባለ እግር መባሉ ከንቱ ነው፤ ጫፉ ጽኑ ነገር መርገጥ አለበት።

ሞድስሌይ ያን አሮጌ ሞርሳ በጠገነ ጊዜ የተጠየቀው ያማረ ይሆን ዘንድ አልነበረም፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰው ሊሠራበት የሚችል ይሆን ዘንድ ነበረ እንጂ። የሰብሳቢውም ሥራ በዚሁ ይመዘን። ከቁራጭ ብረት ክምር የወጣው ሞርሳ ዳነ የሚባለው ቀለሙ በደረቀ ጊዜ አይደለም፤ በእግሩ ጸንቶ ቆሞ አንድ ባለ እጅ ሞረዱን ይዞ ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ ነው። ሊይዝ የሚችል አስቀድሞ የቆመ ነውና።