የጨረቃ ሒሳብና የምድር ዕዳ

የፊዚክስ ሕግጋትን በመማሪያ መጻሕፍት ስናነብ ነገሩ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ተጠናቅቆ የኖረ ይመስለናል። ሕጉ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከሥሩ መልመጃ ይከተላል፤ ፈተና ይመጣል፤ ከዚያማ ይረሳል። የአንጉላር ሞመንተም ጥበቃ ሕግም የዚህ ዕጣ ደርሶታል። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ እንኳ ስንት ሙግት እንዳለፈበት ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከሙግቶቹ ሁሉ ዋናው የጨረቃና የምድር ሒሳብ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። አንድ ሰው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ጡብ ይዞ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ይዙር። ክንዶቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ዙረቱ ይፈጥናል፤ መልሶ ሲዘረጋ ይዘገያል። ለምን ቢሉ፣ የሚዞር ነገር አንጉላር ሞመንተም የሚለካው በግዝፈቱ፣ በፍጥነቱና ከመዞሪያው ማዕከል ባለው ርቀት ብዜት ስለሆነ ነው። ከውጭ የሚጠመዝዝ ኃይል እስካልመጣ ድረስ ድምሩ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንዱ ወገን ቢያጣ ሌላው ያገኛል እንጂ መሐል ላይ የሚጠፋ የለም።

ኬፕለር በ1609 ፕላኔት ወደ ፀሐይ ሲቀርብ እንደሚፈጥን፣ ሲርቅ እንደሚዘገይ፣ በእኩል ጊዜም እኩል ስፋት እንደሚጠርግ ጻፈ። ኒውተን በ1687 ምክንያቱን አሳየ፤ የሚስበው ኃይል ሁልጊዜ ወደ ማዕከሉ ስለሚያመለክት ነው። በ1740ዎቹ ደግሞ ኦይለርና ዳንኤል በርኑሊ ነገሩን ለሚሽከረከሩ አካላት በሰፊው አስቀመጡት። እንግዲህ ሕጉ ተገኘ፤ ፈተናው ግን ገና ነበር።

በ1695 ኤድመንድ ሀሌይ የጥንት ግርዶሾችን መዝገብ ከራሱ ዘመን ጋር ሲያስተያይ አንድ ጉድ አየ፤ ጨረቃ ከጥንቱ ይልቅ እየፈጠነች የምትሄድ ትመስላለች። በ1749 ዳንቶርን የተባለው እንግሊዛዊ ፍጥነቷ የሚጨምርበትን መጠን ለካ። ታዲያ ማን ገፋት? ጥያቄው ለአርባ ዓመት ያህል ሊቃውንቱን ሲያስጨንቅ ቆየ።

መልሱን ይዞ የመጣው ፈረንሳዊው ላፕላስ ነው። በ1787 እንዳስረዳው፣ ፕላኔቶች ምድርን ስለሚስቧት ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ሞላላ መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ክብነት ይጠጋል፤ ይህም ጨረቃን በጥቂቱ ያፈጥናታል። ሲያሰላው ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ከዚህ ወዲያ ማን ይከራከር? ላፕላስ ላፕላስ ነው! ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ።

ለ66 ዓመትም ተዘግቶ ኖረ። በ1853 የካምብሪጁ ጆን ካውች አዳምስ ሒሳቡን እንደገና ከሥር ጀምሮ ሠራው። ላፕላስ የተዋቸው ነገሮች ሲጨመሩ ምክንያቱ ሊያስረዳ የሚችለው የሚታየውን ፍጥነት ግማሽ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጩኸቱ ያን ጊዜ ተነሣ። ፈረንሳዊው ፖንቴኩላን በብርቱ አወገዘው። የሌሎቹም መከራከሪያ፣ ‹‹የቀድሞው ቁጥር ከግርዶሾቹ ጋር ይስማማል፣ ስለዚህ ልክ ነው›› የሚል ነበር። ልብ እንበል፤ ይህ እኮ የሒሳብ መልስ አይደለም። መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር ስለገጠመ ብቻ አሠራሩ ልክ ነው እንደሚል ተማሪ መሆን ነው።

በዚህ መሐል ፈረንሳዊው ደሎኔ በራሱ መንገድ አሰላው፤ በ1859ም አዳምስ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። የአገሬን ሰው ላግዝ አላለም። በ1865 ደግሞ ዋናውን ቃል ተናገረ፤ የቀረው ግማሽ የጨረቃ ሳይሆን የምድር ነው፣ የምድር ዙረት እየዘገየ ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ የውቅያኖሱን ውኃ ስባ ታሳብጠዋለች። ምድር በራሷ ዛቢያ የምትዞረው ጨረቃ እሷን ከምትዞርበት ይልቅ ፈጥና ስለሆነ እብጠቱን ከጨረቃ ትይዩ አልፋ ወደፊት ትወስደዋለች። ጨረቃም እብጠቱን ወደ ኋላ ትጎትታለች፤ የምድር ዙረት ይዘገያል፣ ቀኑ ይረዝማል። ካንት በ1754 እስከዚህ ድረስ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ምድር ያጣችው አንጉላር ሞመንተም የት ገባ? ከግጭቱ የሚወጣው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ አንጉላር ሞመንተም ግን ወደ ሙቀት አይለወጥም። እብጠቱ በበኩሉ ጨረቃን ወደፊት ስለሚስባት ዕዳው ለእሷ ይከፈላል፤ እሷም ወደ ሰፊ መንገድ ትወጣለች። በ1879 የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን ይህንን ሒሳብ ወደ ኋላ ተከትሎ፣ ጨረቃ በጥንት ዘመን ለምድር እጅግ ቅርብ እንደነበረች አሳየ።

አስገራሚው ነገር፣ በሰፊ መንገድ የምትሄድ ጨረቃ በእውነቱ ትዘገያለች እንጂ አትፈጥንም። የፈጠነች የመሰለችው የምንለካበት ሰዓት፣ ማለትም ምድር ራሷ፣ ይበልጥ ስለዘገየች ነው። ጥፋቱ በሰዓቱ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹም የፈጠኑ መምሰል አለባቸው። ስፔንሰር ጆንስ በ1939 ፀሐይ፣ ሜርኩሪና ቬኑስም እንዲሁ እንደሚያሳዩ አረጋገጠ። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ መስተዋት ተከሉ፤ ከምድር የተላከ የሌዘር ብርሃን ከዚያ ሲመለስ ጊዜው ተለካ። ጨረቃ በዓመት 3.8 ሳንቲሜትር ያህል ትርቃለች። ሕጉ እንዳለው፣ ዕዳው እየተከፈለ ነው።

አንድ ምስክር ቀርቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ136 የባቢሎን ጸሐፍት ፀሐይ ፈጽማ መጨለሟን በሸክላ ጽላት ላይ መዘገቡ። ምድር ሁልጊዜ በዛሬው ፍጥነት ዞራ ቢሆን ኖሮ ያ ጥላ በባቢሎን ሳይሆን ርቆ በምዕራብ ሜድትራኒያን በኩል ያልፍ ነበር። ቀኑ በመቶ ዓመት የሚረዝመው 2 ሚሊሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ከ700,000 በላይ በሆኑ ቀኖች ላይ ሲጠራቀም ከ3 ሰዓት በላይ ልዩነት ሆነ።

እነዚያ ጸሐፍት ስለ አንጉላር ሞመንተም የሰሙት ነገር የለም። ያዩትን፣ ባዩበት ሰዓት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ጻፉ። አዳምስም የታላቁን ሰው ስም ወደ ጎን ትቶ ሒሳቡን ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። በሁለቱ መካከል ሁለት ሺህ ዓመት አለ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በራሱ ግን አይጠራም፤ የሚመዘግብና የሚያጣራ ይፈልጋል።