የውቤ በረሃ ከፍታና የቀደምት አውሮፕላኖች ንድፍ

በደጃዝማች ውቤ ስም የሚጠራው የአራዳው ውቤ በረሃ በምሽት ጨዋታው ዝነኛ ነው፤ ስለ አየሩ ግን ብዙም አልተነገረለትም። ፒያሳና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህ ቁጥር በአቪዬሽን ዓለም በደንብ ይታወቃል። የዘመኑ የመንገደኞች ጄት ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ሲበር፣ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው አየር ከዚህ ከፍታ አየር በታች እንዳይሳሳ ሆኖ ይነደፋል። መሐንዲሶች ለመንገደኛ ይበቃል ብለው የወሰኑት ስስ አየር፣ የአራዳ ልጅ ተወልዶ ያደገበት አየር ነው ማለት ይቻላል።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲፈላ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የደጋ እናቶች ባቄላና አተር ለማብሰል ከቆላው ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጁት በዚሁ ምክንያት ነው። ለአውሮፕላን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ክንፉ የሚደገፈው በአየር ነው፤ ሞተሩ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየርን ነው። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይዳከማሉ።

20 ዲግሪ በሚሞቅ ቀን በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ የፒስተን ሞተር እዚህ ወደ 70 ይወርዳል። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት በስድስት አንድ እጅ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ የመንደርደሪያው ርዝመት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

በአዲስ አበባ ለመብረር የሞከሩ ቀደምት አብራሪዎች ሁሉ የገጠማቸው ይህ ነው። ራስ ተፈሪ በ1915 ዓ.ም. በኤደን የእንግሊዝ አየር ኃይልን ትርኢት ከተመለከቱ በኋላ አውሮፕላን ወደ አገር ለማስገባት ቆርጠው ተነሡ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ በአንድሬ ማዬ አብራሪነት አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው።

ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን በዚሁ አገር አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። «ፀሐይ» ባለ ድርብ ክንፍ ናት። ክንፍን በክንፍ ላይ መደረብ ዛሬ ያረጀ ዘዴ ቢመስልም፣ ቀላልና አጭር በሆነ አካል ላይ ሰፊ የክንፍ ስፋት ለማግኘት ያስችላል። ለስስ አየር መልሱ ሰፊ ክንፍና ቀላል አካል ነበርና፣ ንድፉ ለአገሩ የማይስማማ አልነበረም። የዕድሏ ነገር ግን ሌላ ነው። በተሠራችበት ዓመት የፋሽስት ጦር አገሪቱን ወረረ። አውሮፕላኗም ተወስዳ በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ከኖረች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመልሳለች።

በነዚያው ዓመታት በአውሮፓ ከፍታን ለመመርመር ብቻ የታቀዱ አውሮፕላኖች ይሠሩ ነበር። ከሁሉ ቀደም ሲል የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1931 የበረረው የጀርመኑ ዩንከርስ 49 ነው። ክንፉ 28 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሞተሩ ስሱን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መጭመቂያ ነበረው። ፕሮፔለሩ እጅግ ትልቅ ስለነበረ መሬት እንዳይነካ የአውሮፕላኑ እግሮች መርዘም ነበረባቸው። ሁለቱ በራሪዎች የሚቀመጡት አየር በታመቀበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ መስኮቶቹ ጥቂትና ጠባብ በመሆናቸው ወደ ውጭ ለማየት ፔሪስኮፕ ያስፈልጋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ዩንከርስ 49 ወደ 12,500 ሜትር ይወጣ ነበር። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በውቤ በረሃ ካለው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

እንግሊዞችና ጣሊያኖች ክፍሉን ትተው አብራሪውን ራሱን በታሸገ ልብስ መጠቅለልን መረጡ። ርካሽ ነው፤ ግን አስፈሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ብሪስቶል 138 በተባለው የእንጨት አውሮፕላን ከ15 ሺህ ሜትር በላይ የወጣው ስዌይን፣ ሲወርድ ትንፋሽ ስላጠረው የራሱን ቁር መስኮት በቢላ ቀድዶ ነው የተረፈው። ጣሊያናዊው ማሪዮ ፔዚ እ.ኤ.አ. በ1938 በድርብ ክንፉ ካፕሮኒ 17,083 ሜትር ደረሰ። በፒስተን ሞተርና በድርብ ክንፍ ከዚያ በላይ የወጣ አብራሪ እስካሁን የለም።

ሆኖም ለመንገደኛ የተረፈው የታመቀው ክፍል ነው። የአውሮፕላን ሆድ ክብ፣ መስኮቶቹም ትናንሽ የሆኑት ግፊትን ለመቋቋም ነው፤ ማዕዘን ያለው ነገር ቶሎ ይሰነጠቃል።

ሞተሩ ቢለወጥም የአዲስ አበባ ከፍታ አልተለወጠም። ከፒያሳ እምብዛም የማይርቀው የልደታ ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ቦሌም ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ ያለ ማረፊያ ከ13 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገብቷል። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ነዳጅ ሞልቶ ከደጋ መነሳት ስለሚከብድ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ለዓመታት በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፉ ነበር። አየር መንገዱ በ2004 ዓ.ም. የተቀበለው ቦይንግ 787 ደግሞ በክፍሉ ውስጥ የ1,800 ሜትር ከፍታ አየርን ይጠብቃል። ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ ወደ ሰማይ ሲወጣ የሚተነፍሰው አየር ፒያሳ ከሚተነፍሰው ይወፍራል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያም ከቦሌ በበርካታ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ነው። ለአየር መንገዱ ይህ ዝቅታ ተጨማሪ ጭነትና ነዳጅ ማለት ነው፤ በዚያ ለሚያርሱ ገበሬዎች ደግሞ የእርሻ መሬታቸው ጉዳይ ነው።